ሳልጠይቅሽ የፈረምኩልሽ ወረቀት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ የዓለምወርቅ፤
አዋሽ ሰባት

ከሰመራ ሙቀት ተነስቶ እናንተ ደጅ እስኪደርስ የማይቀዘቅዝ ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ እትዬ ዓለም። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የላክሁልሽን ቅባት ማታ ማታ ትቀቢዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለክፉ ቀን ብለሽ ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽበታል? ጋሽ ባንተይርጋ ሳላቸው ተሻላቸው? ሉሊቴስ፣ ልጅሽ ሙሽራይቱ? ከሁሉም በላይ ደግሞ መሬቱስ? እዚህ ሬዲዮ ተከፍቶ በፈንታሌ በኩል ዛሬም ተንቀጠቀጠ ባሉ ቁጥር ስልኬን አነሳለሁ። ባለፈው ስደውል ለምደነዋል፣ ሲነቃነቅ ብርጭቆውን ይዘን ቁጭ ነው ብለሽ አሳቅሽኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ብርጭቆው ይሰበር፣ እናንተ ውጡ ማለት ነበረብኝ ብዬ ራሴን ወቀስኩ። እባካችሁ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ክፍል ውስጥ አትተኙ።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ከተቀመጠ ሁሉ ጋር አወራለሁ፣ እስቃለሁም። ታውቂኝ የለ፣ ለቅሶ ቤት ሄጄ እንኳን የሚያስቀኝ አላጣም። ብቻ ሰሞኑን ሳቁ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ከንፈሩን ነክሶ ደም እያየ እንደማያመው፣ እኔም እንደዚያ ሆኛለሁ። አላለቀስኩም። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን አልመጣ አለኝ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትዪ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ልነግርሽ ደውያለሁ። አንደኛው ቀን ስለ ቲማቲም መወደድ አውርተን ዘጋን። ሁለተኛው ቀን ስለ ሉሊት ቀሚስ፣ ሦስተኛው ቀን ስለ መሬቱ። ቀኑን ሙሉ ሳወራ የምውል ሴትዮ አንዲት ነገር መናገር አቅቶኝ ስለ ቲማቲም! ስለዚህ ጻፍኩት። ይዞልሽ የሚመጣው አብዱናሲር የሚባል ከጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጨዋ ሰው ነው። ሻይ ስትሰጪው ለስላሳ ዳቦ ስጪው፣ ቆሎ እንዳታቀርቢለት። ለምን እንደሆነ ከታች ታገኚዋለሽ።

መጀመሪያ ዋናውን ልበልና ከዚያ እንደ ልማዴ ላውራው። ሉሊትን ለጥርሷ ወደዚህ እንዳትልኪያት። ከሠርጉ በፊት አራቱን የፊት ጥርሶቿን ይሠራላታል፣ እኔ ጨርሻለሁ ብዬሽ ነበር፤ ቀርቷል። ክሊኒካችን ታሽጓል፣ ዶክተር ጥጋቡም ፈቃዱ ታግዷል። ባይታሸግም ኖሮ እንዳትልኪያት እልሽ ነበር። ጥርሷ ምንም አልሆነም። ከአንዱ በቀር የአንቺም አልሆነም ነበር።

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አሥራ አምስት ቀን ፈጅቶብኛል።

እትዬ፣ የእኛን ነገር እኔ ላንቺ አልነግርሽም። የአዋሽን የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው የትም ቢሄድ በጥርሱ ይታወቃል። እማዬ ትዝ ይልሽ የለ፣ በከሰል ዱቄት ስታሻሸን፣ መፋቂያውን ድዳችን እስኪደማ ስታስፍቀን? ሁለተኛ ደረጃ ስማር ከደጋ የመጡት ልጆች ጥርስሽን ሻይ ውስጥ ነክረሽው ነው ወይ ይሉኝ ነበር። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፣ ግን አፌን በእጄ ይዤ። አንቺ ደግሞ በነጠላሽ ጫፍ። የሠርግሽን ፎቶ ተመልከቺው፣ የሙሽራዋ ወገን ሁሉ አፉን የገጠመ ነው፤ ቀብር ላይ የተነሳነው ነው የሚመስለው።

ሰመራ መጥቼ ዶክተር ጥጋቡ ዘንድ ስቀጠር አፌን ይዤ ስስቅ አየኝና አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ወንበሩ ላይ ውጪ አለኝ። ያንቺ ጥርስ በሽታ የለበትም፣ ቀለም ነው የያዘው፣ ለውበት እሸፍንልሻለሁ አለኝ። ይህን ቃሉን ያዢልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ስድስቱን የፊት ጥርሶቼን ፋቀና ነጭ ሽፋን አለበሰልኝ። መስታወቱን ሲሰጠኝ ምን እንዳደረግሁ ነግሬሻለሁ፤ ጮክ ብዬ ሳቅኩ፣ ዘበኛው እየሮጠ ገባ። አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሰመራ ውስጥ የእኔን ጥርስ ያላየ ሰው አልቀረም። የእማዬ መርዶ የመጣብኝ ቀንም ሥራውን ዘግቶ በመኪናው አዋሽ ድረስ ያደረሰኝ እሱ ነው፤ አንቺም ቀብር ላይ አይተሽዋል፣ አፈር ሲያለብስ። ክፉ ሰው ነው ብዬ ብጽፍልሽ ይቀለኝ ነበር።

የእኔ ሥራ ካርድ ማውጣት፣ ተራ ማስያዝና ለአፋር ሰዎች ማስተርጎም ነበር። እንደዚያ ነው የተቀጠርኩት። ቀስ በቀስ ግን ሌላ ሥራም ሆነልኝ። ሰው ተራ ሲጠብቅ አብሬው ቁጭ እላለሁ። ኤሲው ስለሚሠራ ለመቀዝቀዝ ብቻ የሚገባም አለ። ከመተሐራ፣ ከአዋሽ፣ ከመልካ ወረር የመጣ ከሆነ በጥርሱ አውቀዋለሁ። የአገሬ ልጅ፣ እኔም እንደዚህ ነበርኩ፣ ይኸው ተመልከት እለውና እስቅለታለሁ። ይገረማል። ከዚያ ገብቶ ይታያል። ማንም እንደዚህ በይ አላለኝም እኮ። ከደስታዬ ብዛት ነው። አንድ ቀን አንዲት የአፋር እናት፣ በወጣትነታቸው እንደ ባህላቸው ጥርሳቸውን አሹለው ያስፋቁ፣ እስኪበቃቸው አዩኝና ምን አሉኝ መሰለሽ? እኛ ጥርሳችንን ከዛፍ ሥር ቁጭ ብለን እየሳቅን ነው የምናስፍቀው፣ እናንተ ግን በሽተኛ ነን ብላችሁ ነው የምትፋቁት አሉኝ። ክሊኒኩ በሳቅ ሞላ። እኔም ቀልድ መስሎኝ ለስንቱ አወራሁት።

ከወንበሩ ላይ ደግሞ ዶክተር ሌላ ነገር ይላቸዋል። ይህ በስብሷል፣ ይህም ተበልቷል፣ ይህን ብንተወው መንጋጋህን ይዞት ይሄዳል ይላል። እኔ በሩ አጠገብ ስለምቀመጥ እሰማለሁ። ሾፌሮቹ ደግሞ ጊዜ የላቸውም። የታመመን ጥርስ ሥሩን አክሞ ማዳን ሦስት አራት ቀን መመላለስ ይጠይቃል፤ ሾፌር ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ጋላፊ፣ ከነገ ወዲያ ጅቡቲ። ንቀለውና ልሂድ ይላል። ዶክተርም ይህ መንገድ ተመለስ የሚባል ህክምና አያውቅም ይል ነበር፤ እኛም እንደ ተረት ተቀብለነው ስንደጋግመው ኖርን። ስለዚህ መንቀል ቀላል ሆነ። አንዱን ሊያስነቅል የመጣው ሁለት ሦስት ተነቅሎለት፣ በቦታው ሰው ሠራሽ አስገብቶ ይሄዳል። የማይመለስ ሰው ደግሞ አይከስም።

ለእኔ ቀለም ነው አለኝ፣ ለእነሱ በስብሷል። ሁለቱንም በእነዚህ ጆሮዎቼ ስድስት ዓመት ሰምቻለሁ፣ እትዬ። ሁለቱን ቃላት አንድ ቀን እንኳን ጎን ለጎን አስቀምጬ አላየኋቸውም። ሞኝ አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ለምን አላየሁም እያልኩ ራሴን ስጠይቅ የማገኘው መልስ ጥርሴ ነው። ጥርሴን ወድጄው ነበር።

በሐምሌ ኑሀሚን የምትባል ወጣት የጥርስ ሐኪም ተቀጠረች። ገና ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፤ እኔ ሳወራ አንገቷን ትነቀንቃለች እንጂ አትመልስም። በሁለተኛ ሳምንቷ የተነቀሉት ጥርሶች ከሚጠራቀሙበት ዕቃ ጥቂቱን አወጣችና አንዱን በጉጠት ያዘችው፣ ሰነጠቀችው። እቴ ሀብትነሽ፣ ነይ እስቲ አለችኝ። ውጪው የእኛ ቀለም ነው፤ ውስጡ ግን ነጭ። ልጣጩ የጠቆረ ድንች ተልጦ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ። ሌላም ሰነጠቀች፣ ያው ነው። በሽታ አይደለም፣ ጥርሳችሁ ገና ድድ ውስጥ እያለ የጠጣችሁት ውሃ ነው፤ ውሃው ውስጥ ፍሎራይድ የሚሉት ነገር ሲበዛ ቀለሙን ይለውጠዋል እንጂ ጥርሱን ለመንቀል ምክንያት አይሆንም አለችኝ። ከዚያ ለዶክተር ሄዳ በትህትና ጠየቀችው። እሱም ተናደደ እንዳትዪ፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ መንገዱ ያስተምርሻል አላት።

ያን ዕለት ወደ ሎጊያ፣ ወደ ቤቴ ተመለስኩና ሳጥኔን ከፈትኩ። ምን እንደነበረበት ታውቂያለሽ። አምና ከፋሲካ በኋላ መጥተሽ ጥርስሽን ስትነቀዪ፣ ወንበሩ ላይ ከመውጣትሽ በፊት ጥርሴን ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥዪብኝ፣ ትንሣኤ ዘጉባኤ ሲሆን የሰመራን ጥራጊ ስፈልግ አልውልም ብለሽ ሁላችንንም አስቀሽን ነበር። እኔም አራቱን በመሐረብ ቋጥሬ አስቀመጥኩልሽ። አንቺ ፊትሽ አብጦ ስትሄጂ ረሳሽው፤ እኔም አንድ ቀን እወስድላታለሁ እያልኩ ከረምኩ።

በማግስቱ መሐረቡን ለኑሀሚን ሰጠኋት። የማን እንደሆነ አልነገርኳትም። መንጋጋውን አየችው፣ ይህ በእርግጥ ታሟል፣ ቀዳዳው ይኸው አለች። ከቀሩት ከሦስቱ አንዱን ሰነጠቀች። ውስጡ ነጭ ነው። ሁለቱን አትንኪያቸው ብዬ ተቀበልኳት።

ከዚህ በኋላ ነው አብዱናሲር የሚመጣው። አንድ መንጋጋው አሞት መጥቶ ሁለት የተነቀለለት ሰው ነው። ከሁለት ወር በኋላ ጉንጩ እንደ ኳስ ተነፍቶ ከጅቡቲ ተመለሰ። ሌላ ቦታ ራጅ ተነስቶ ነበር፤ የታመመችው መንጋጋ እዚያው ተቀምጣለች፣ የተነቀሉት ጎረቤቶቿ ናቸው። ራጁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋና ወላሂ ሀብትነሽ፣ ይህ ሰውዬ ሌባዋን ትቶ ጎረቤቶቿን ነው ያሰረው አለኝ። እንደ ልማዴ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ያንቺን ጥርስ አይቼ ነው እኮ የገባሁት አለኝ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ፣ በቀጥታም ክስ ጻፈ።

ሦስት ሰዎች መጡ፤ የባለሙያ ሥነ ምግባር የሚያጣሩ። አለቃቸው ወልደ ኢየሱስ የሚባሉ ጸጉራቸው የሸበተ የጤና ባለሙያ ናቸው፤ ድምጻቸውን ከፍ አያደርጉም። ካርዶቹን ሁሉ አስወጡ። በየካርዱ ውስጥ የስምምነት ወረቀት አለ። ጥርሱ ሊድን እንደማይችል፣ ሌላ አማራጭ ህክምናም ካለ ተነግሮኝ፣ ገብቶኝ ተስማምቻለሁ ይላል። ታች የሕመምተኛው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። እዚህ ላይ ነው የእኔ ነገር። ወረቀቱን የማስፈርመው እኔ ነበርኩ። አንብቤላቸው አላውቅም። ለካርዱ ነው፣ እዚህ ጋ እላለሁ፣ ይፈርማሉ። ለአፋሮቹም በቋንቋቸው እንደዚያው፣ ለካርዱ ነው። አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለሙ ላይ አሳርፌ፣ እንደ ሕፃን።

ሰዎቹ ከመጡበት ዋዜማ ዶክተር ጠራኝ። ሀብትዬ፣ ነገ ሲጠይቁሽ አንብቤላቸዋለሁ በይ፣ ሌላ ምንም አትበይ አለኝ። አላስፈራራኝም። እጄን ይዞ ነው የነገረኝ። እኔ ምን በደልኩ፣ ሰው አፍሮ ይመጣል፣ ስቆ ይሄዳል፣ አንቺን ራስሽን ተመልከቺ አለኝ። እሺ ዶክተር አልኩት። እሺ ማለት ለምዶብኛል።

በማግስቱ ገባሁ። አቶ ወልደ ኢየሱስ ወንበር ሰጡኝ፣ ውሃም አስመጡልኝ። አንብበሽላቸዋል ወይ አሉኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት አንዱን ወረቀት ከሌሎቹ ለይተው ወደ እኔ አዞሩት። ይህን ጽሕፈት ታውቂዋለሽ አሉኝ። አየሁት፣ እትዬ። የዓለምወርቅ ይላል፣ በእኔ እጅ ጽሕፈት፣ ቁልጭ ብሎ። አንቺ ስትፈርሚ እኮ ስምሽን አትጽፊም፣ ያቺን እንደ ቀንድ አውጣ የምትጠማዘዝ ነገርሽን ነው የምታደርጊው።

ያኔ ያ ቀን ሁሉ መጣብኝ። ከመግባትሽ በፊት የሚያመኝ አንዱ ብቻ ነው አይደል አልሽኝ። እሱ ያውቃል አልኩሽ። ከዚያ መርፌውን ከወጋሽ በኋላ ዶክተር ከውስጥ ሆኖ የወረቀቱን ነገር ጨርሺ አለኝ። ብዕሩን ይዤ ገባሁ። አንቺ ግማሽ ፊትሽ ደንዝዞ፣ መናገር አቅቶሽ፣ ዓይንሽን ወደ እኔ አነሳሽ። እጅሽን ከወንበሩ ላይ አንስተሽ አራት ጣት አሳየሽኝ፣ ከዚያ ወደ አንድ መለስሽው። አራት ነው እንዴ፣ አንድ አይደለም እንዴ ማለትሽ ነበር። አሁን ይገባኛል። ያኔም ገብቶኛል መሰለኝ። አይዞሽ አልኩሽና እህቴ አይደለች እንዴ ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ፈረምኩልሽ።

ለአቶ ወልደ ኢየሱስ የእኔ ጽሕፈት ነው አልኳቸው። የማንም አላነበብኩም፣ የዚህችን ደግሞ ራሴ ነኝ የፈረምኩት፣ እህቴ ናት አልኩ። መሐረቤን ከቦርሳዬ አወጣሁና የተሰነጠቀውን ጥርስና የታመመውን መንጋጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። የትኛው ነው የሚያማት የነበረው አሉኝ፤ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ልጄ፣ አንቺስ ማን ፈረመልሽ አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ለስድስቱ ጥርሶችሽ ማለቴ ነው አሉኝ። ለእኔ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። ስቄ ነው የገባሁት።

ኑሀሚን በኋላ አየችልኝ። ለሽፋኑ ሲባል የተፋቀው ጥርስ ጤነኛ ነበር፤ የተፋቀ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። አንደኛው ከሥሩ መበላሸት ጀምሯል፣ እሷ እየተከታተለችኝ ነው። እውነቱን ልንገርሽ? አሁንም እወዳቸዋለሁ። ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ አያቸዋለሁ። ልጠላቸው ብሞክር አልቻልኩም፤ ይህም ያሳፍረኛል፣ ግን ማፈሩም እንደ ሌላው ሩቅ ነው፣ ከግድግዳ ማዶ እንደሚያወራ ሰው።

የታሸገ ቀን ዶክተር ዕቃውን በካርቶን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር፣ ብሰደብ ደስ ይለኝ ነበር። እስቲ ሳቂ አለኝ። ሳቅኩ፤ ይገርምሻል፣ ሳቅኩለት። አፌን ትኩር ብሎ አየና ከላይ በቀኝ በኩል ድድሽ ሸሽቷል፣ ሳይብስ ታዪው አለኝ። እሺ ዶክተር አልኩት። ሄደ። ያን ያህል ጎበዝ ዓይን ነው ያለው። ያንቺን ጥርስ ያየውም በዚያው ዓይን ነው፤ እንግዲህ አላወቀም ነበር ልል አልችልም። ስለ እኔም እንደዚያው።

እትዬ ዓለም፣ ከአምና ጀምሮ ስልክ ስታነሺ ስሜን ስትጠሪ ፉጨት አለበት። በተነቀሉት በኩል ነፋሱ ይወጣል። ያሠራንልሽ ሰው ሠራሽ እንደማይመችሽ፣ ብርጭቆ ውስጥ እንደምታስቀምጪው ሉሊት ነግራኛለች። ቆሎ መተውሽንም። አንቺና ቆሎ! ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብለሽ ኪስሽን ሞልተሽ ስትቆረጥሚ ነው እኮ ጋሽ ባንተይርጋ ያዩሽ። እኔ ፉጨቱን በሰማሁ ቁጥር ወሬ አበዛለሁ። ለዚህ ነው ስለ ቲማቲም ያወራነው።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም፤ ያ ፊት ለፊት የሚባል ነገር ነው። ነገር ግን ማወቅ የሚገባሽ ነበርና ይኸው አወቅሽ። አብዱናሲር የሚሰጥሽ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ሁለቱ ጥርሶችሽ በጥጥ ተጠቅልለው አሉ። የተሰነጠቀውና መንጋጋው ከሰዎቹ ዘንድ ነው፣ ማስረጃ ስለሆነ። ቆሻሻ ውስጥ አልጣልኳቸውም፤ ከነገርሽኝ ሁሉ የጠበቅሁልሽ እሱን ብቻ ነው። ሰዎቹ ደግሞ ያንቺን ቃል ይፈልጋሉ። መምጣት ካልቻልሽ አዋሽ ድረስ ሰው እንልካለን ብለዋል። የእኔን ስም ለመሸፈን ብለሽ ተስማምቼ ነበር እንዳትዪ። አውቅሻለሁ፣ ልትዪ ትችያለሽ። አልተስማማሽም። አራት ጣት አሳይተሽኛል።

አሁን ሥራ የለኝም። አይደለም፣ አለኝ ልበል፤ ከሰዎቹ ጋር ካርዶቹን ይዤ የአገሬን ልጆች እፈልጋለሁ። ገዋኔም ሚሌም ሄደናል። ያገኘነውን ሰው ቁጭ አድርጌ ያኔ ያላነበብኩለትን ወረቀት አነብለታለሁ፣ ከላይ እስከ ታች። አንዳንዱ ይሳደባል፣ አንዳንዱ እግዜር ይይለት ይላል፤ አንድ ሾፌር ካነበብኩለት በኋላ በደንብ ታነቢያለሽ እኮ አለኝ። እሱ ነው ትንሽ የተሰማኝ።

አብዱናሲር ወደ አዳማ ሄዶ በአራተኛው ቀን በእናንተ በኩል ይመለሳል። የምትዪኝ ካለ ለእሱ ንገሪው፤ ሠርጉ ላይ አትምጪ ብትዪም ቃሉን ሳይቀንስ ያደርሳል። ነይ ካልሽኝ ደግሞ ሽንኩርት ከመላጥ እስከ ድስት ማጠብ የኔ ነው፤ ከድንኳኑ ኋላ እሆናለሁ፣ ፎቶ ውስጥ አልገባም።

ለጋሽ ባንተይርጋ ሳላቸውን እግዚአብሔር ይማርልኝ፣ በእማዬ ቀብር ላይ ዶክተርን አመስግነው የመረቁትን ይመልሱት እንዳትያቸው፣ ምርቃት አይመለስም፤ ሰላም በይልኝ ብቻ። ለጎረቤትሽ ለፅጌረዳ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ እሷም ለጥርሷ ልትመጣ ነበርና ይህን ደብዳቤ አንብቢላት፣ አፍረሽ እንዳትደብቂያት። ሉሊቴን በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ። ጥርሷ የእማዬ ነው፣ ያንቺ ነው፣ የኔም ነበር። ፎቶ አንሺው ሳቂ ሲላት እጇን ከአፏ ታውርድ፤ ከቤታችን አንዲት ሙሽራ እንኳን ስቃ ትነሳ።

ላንቺ ግን ምን ብዬ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም። ደውዪልኝ። ስድብም ቢሆን ከነፉጨቱ ስሜን ጥሪው፤ ስለ ቲማቲም አላወራም፣ እሰማሻለሁ።

ይህን ወረቀት ደግሞ በራሴ ስም ፈርሜዋለሁ፤

እህትሽ ሀብትነሽ

ሰመራ፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.